አህያን ማርቀቅ

ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ማንበብ አልወድም። ለምን አትሉኝም? ለሰው ደስታ ተብሎ የተለጠፈ ወረቀት አይቼ ስለማላውቅ ነው። ወይ አምጡ ይላል፣ ወይ ቅረቡ ይላል፣ ወይ ደግሞ «እስከዚህ ቀን» ይላል። እኔ «እስከ» የምትለዋን ቃል ሳይ መንገዴን እቀይራለሁ። ምን እንደተጠየቅሁ እንኳ ሳላውቅ ቀኑ ያለፈብኝ ይመስለኛል። እንዲህ አድርጎ ፈጠረኝ፤ ምን ላድርግ?

ባለፈው ጥቅምት ግን ሳልወድ አንዷን አነበብሁ። ለመሬት ደብተሬ ጉዳይ ንፋስ መውጫ ወጥቼ ነበር። ጉዳዬን የሚያይልኝ ሰው ስብሰባ ገብቷል አሉኝ። ስብሰባን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሲጀመር እንጅ ሲያልቅ ያየ ሰው የለም። ነፋሱን ሽሽት አንድ በረንዳ ተጠጋሁ። ከተማይቱ እንደሆነች ስሟን በከንቱ አላገኘችም። በረንዳው የቤተ መጻሕፍት ኖሯል፤ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፋለች።

«ጀማሪ ጸሐፊዎች፣ ረቂቃችሁን እስከ ታኅሣሥ 19 ለጸሐፍት ማኅበራችን አቅርቡ። የተመረጡት በአንድ መጽሐፍ ይታተማሉ» ትላለች። ታኅሣሥ ዐሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ነው። እንደገና አነበብኋት።

እኔ እኮ ጸሐፊ ነኝ! አትሳቁ። አርብ ገበያ አጠገብ ባለችው መንደራችን የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን፤ ወር በገባ በዐሥራ ሁለት ተራ በተራ እየደገስን እንሰበሰባለን። የሚቀጥለው ተረኛ ማን እንደሆነ የምጽፈው እኔ ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ቄሱ ዳዊት ሲያስደግሙኝ ያገኘሁት ነው። ቢሆንም እጄ ይጽፋል። ደብተሩ ከፊት የማኅበሩ ተራ አለበት። ከኋላው ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የማኅበሩ ሰዎች አሉበት። ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንደሆነ እጽፋለሁ። ከሁሉ የተዋጣልኝ የአያ ጎሹ የአህያ ነገር ነው።

አያ ጎሹ ጎረቤቴም አበልጄም ነው፤ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ነው። አንድ አርብ ገበያ ውሎ፣ ጨውና በርበሬውን ጭኖ ወደ ቤቱ ይነሣል። መንገድ ሲሄድ ዳዊት በቃሉ ይደግማል፤ አህያዋን ከፊት አስቀድሞ፣ አንገቱን ደፍቶ። ችግሩ፣ አህያዋ የእሱ አይደለችም። ገበያ ላይ ግራጫ አህያ ስንት አለ? የሌላ ሰው አህያ ጭኖ ነው የወጣው። እሷ ደግሞ ቤቷን ታውቃለች። መገንጠያው ላይ ስትደርስ ወደ ስማዳ ታጠፈች፤ አያ ጎሹም ከመዝሙር ወደ መዝሙር እያለ ተከተላት። አንድ ግቢ ገባች፤ ገባ። «በሩን ክፈች እንጅ!» ብሎ ጮኸ። የማያውቃት ሴት ከፈተች። ቀና ብሎ አያትና «አንች ደግሞ ማን ነሽ? ከቤቴ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት፤ እንዲህ ነው የሚባለው። የአህያዋ ባለቤትም በበኩሉ የአያ ጎሹን አህያ ተከትሎ አያ ጎሹ ቤት ገብቶ፣ የአያ ጎሹን ራት በልቶ አደረ።

ይህን መስከረም ላይ ለማኅበሩ ሳነብላቸው የሳቁት ሳቅ ጠላውን በአፍንጫቸው አወጣው። አያ ጎሹ ያን ቀን ለቅሶ ሄዶ ነበር። ባይሄድ ኖሮ አላነብም ነበር። ፈሪ መሆኔን ከአሁኑ ብነግራችሁ ይሻላል።

እናም በረንዳው ላይ ቆሜ ሁለት ነገር አስጨነቀኝ። አንደኛው፣ ይህ ነገር ታትሞ አያ ጎሹ ያየው እንደሆነስ? ሰው አበልጁን በመጽሐፍ አዋርዶ በየትኛው ዐይኑ ያየዋል? ሁለተኛው የባሰ ነው። ወረቀቷ የምትለው ረቂቃችሁን ነው።

ረቂቅ! ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደገ ሰው ረቂቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። መላእክት ረቂቃን ናቸው። ነፍስ ረቂቅ ናት። በዐይን አትታይም፣ በእጅ አትዳሰስም። የሚታየውና የሚዳሰሰው ግዙፍ ነው። ድንጋይ ግዙፍ ነው፣ በሬ ግዙፍ ነው። አህያስ? አህያ ከነጆሮዋ ግዙፍ ናት።

እንደምንም ደፍሬ ገባሁ። ኀላፊዋ ትዕግሥት የምትባል ልጅ ናት፤ ብድግ ብላ ተቀበለችኝ። ማኅበሩ የማን ነው ብዬ ጠየቅኋት። የጸሐፍት ነው አለችኝ። እሱንማ አነበብሁ፣ የሚካኤል ነው ወይስ የማርያም አልኋት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ በየሳምንቱ እየተገናኙ የጻፉትን እርስ በርስ እንደሚያነቡ፣ ብቻውን ለሚጽፍ ሰው አይዞህ ባይ እንዲኖረው ብለው እንዳቋቋሙት ነገረችኝ። ጠላስ የላችሁም ወይ አልሁ። የላቸውም። ያለ ጠላ ማኅበር እንዴት እንደሚጸና እግዜር ይወቅ። ዋናውን ነገር ግን ሳልጠይቅ ወጣሁ። ዳዊት የደገመ ሰው ረቂቅ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል? አፈርሁ።

በማግሥቱ የኔታ ዘንድ ሄድሁ። የኔታ የደብራችን መሪጌታ ናቸው። ጉልበታቸውን ስሜ፣ «የኔታ፣ ሰው ረቂቅ መጻፍ ይችላል?» አልኋቸው።

«ማን ነው የጠየቀህ?»

«ንፋስ መውጫ ነው።»

«ንፋስ መውጫ?» አሉና ብዙ አሰቡ። ከዚያ ረቂቅ ነገር በግዙፍ ቃል እንደማይወሰን፣ ቢጻፍም ያነበበው ሁሉ እንደማይገባው አስረዱኝ። ላየው ሁሉ ከገባው ግዙፍ ሆኗል ማለት ነው አሉ። በመጨረሻም «በል ጹምበት» አሉኝ። ልብ አድርጉ! ለአህያ ታሪክ የሄድሁ ሰው ጾም ታዝዤ ተመለስሁ።

ጾምሁ። ጾሜም ማርቀቅ ጀመርሁ። አህያዋን መጀመሪያ «ግራጫዋ ፍጥረት» አልኋት። ግራጫ ግን ቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ በዐይን ይታያል። ሰረዝሁት። ፍጥረት ብቻ ቀረች። ገበያው ዓለም ሆነ። ጨውና በርበሬው ሸክም ሆነ። አያ ጎሹ ነፍስ ሆነ። አያ ጎሹን ብታዩት ሁለት ሰው ያክላል፤ እሱን ነፍስ ማድረግ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስማዳን እንኳ ወዲያኛው ዓለም አደረግኋት። የስማዳ ሰዎች ይቅር በሉኝ።

ባለቤቴ የሽ ትክ ብላ ታየኛለች። ማንበብ አትችልም፤ ግን የሚጽፍን ሰው ፊት ታነባለች። ዱሮ ስጽፍ ለብቻዬ እስቅ ነበር፤ አሁን አቃስታለሁ።

«ሞላ፣ ያችን አህያ ምን አደረግሃት?» አለችኝ።

«አረቀቅኋት።»

«ከሳች በለኛ!» ብላ ሄደች።

የኅዳር ሚካኤል ማኅበርተኛው በተሰበሰበበት አነበብሁት። አያ ጎሹም አለ። አሁን አወቀብኝ፣ አሁን ተነሣብኝ እያልሁ ነው ያነበብሁ። ስጨርስ አንዱ ከጥግ ቆቡን አወለቀና «አሜን» አለ። ሁሉም ተከትለው አሜን አሉ። ራሱ አያ ጎሹ፣ የታሪኩ ባለቤት፣ አማትቦ አሜን አለ። ጸሎት መስሏቸዋል።

ሰው ተደስተህ ይሆናል ይለኛል። ተደስቼም ነበር። አበልጄም አልተቀየመኝ፣ ጽሑፉም ረቅቋል። ከደስታዬ ብዛት ያችን የድሮዋን፣ የግዙፏን አህያ ቅጠሎች ከደብተሬ ገነጣጥዬ ለየሽ ሰጠኋት። እሳት አያያዘችባቸው። ዕጣ ፈንታዬን እንዲህ በገዛ እጄ አመድ አደረግሁት።

ታኅሣሥ በገባ በሦስተኛው ቀን ረቂቄን ከብብቴ ሸጉጬ ሚኒባስ ያዝሁ። ትዕግሥት ተቀበለችኝና እዚያው ፊቴ ታነብ ጀመር። የሰው ፊት እንዲህ አተኩሬ አይቼ አላውቅም። ግንባሯ ተኮማተረ። ገልብጣ ከጀርባው አየች። እንደገና ከላይ ጀመረች።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልገባኝም» አለችኝ።

«ተመስገን!» አልሁ።

ደነገጠች። «አይ፣ ምንም አልገባኝም ነው የምልዎ።»

«አንድም ቦታ?»

«አንድም ቦታ።»

እንባዬ መጣ። ጾሜ ሰመረ፤ ያች የተማረች ልጅ አንድም ቦታ አልገባትም! ይህን ያህል ይረቃል ብዬ እኔም አልጠበቅሁ። እሷ ግን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ረቂቅ የሚለው ምን መስሎኝ እንደሆነ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኋት፤ መላእክትን፣ ነፍስን፣ የኔታን፣ ጾሙን። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ከዚያ ረቂቅን በቀስታ ወደ ምድር አወረደችልኝ። ረቂቅ ያልነው ገና ያላለቀ፣ እርማት የሚቀረው ጽሑፍ ነው። እናንተ የጻፋችሁትን ታመጣላችሁ፣ እኛ አብረን እናርማለን።

«አረም ነው የምትይኝ?»

«እንደሱ ይበሉት።»

ልጄ፣ አረም ከሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳርም ነው የኖርሁ! ምነው ያኔ ጠይቄሽ ቢሆን!

«እሽ፣ ይህ ነፍስ የሚባለው ማን ነው?» አለችኝ።

«አያ ጎሹ ነው።»

«ፍጥረትስ?»

«አህያ ናት።»

ግማሹን እየተንተባተብሁ ነገርኋት። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ይህን ነው የምንፈልገው፣ ይህንኑ እንደነገሩኝ ጽፈው ያምጡልኝ፣ እስከ ገብርኤል ጊዜ አለልዎ አለችኝ። እስከ! ይኸው መጣችብኝ።

ቤቴ ገብቼ ብዕር አነሣሁ። እጄ እንቢ አለ። አህያ ልል ስነሣ ፍጥረት ብሎ ይጽፋል። ገበያ ስለው ዓለም ይላል። አንድ ወር ሙሉ አርቅቄ አርቅቄ ቀልዱ ከውስጤ ተንጠፍጥፎ አልቋል። ለሚካኤል ተሳልሁ፤ እባክህ ያችን አህያ መልስልኝ ብዬ። እንዲህ ያለ ስለት ሰምቶ ያውቅ ይሆን? የሽ ደግሞ፣ «የሰሙህ ሰዎች አሉ አይደል፤ ማኅበሩን አትጠይቅም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የታኅሣሥ ማኅበር ከገብርኤል ሰባት ቀን ይቀድማል። ተረኛው ማን ነው ብዬ ደብተሬን ገለጥሁ። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። አያ ጎሹ።

እስቲ አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በሰው ቤት ተቀምጦ፣ የሰውየውን ጠላ እየጠጡ፣ «አበልጄ፣ አንተን የቀለድንብህን ነገር እስቲ አስታውሱኝ» ይባላል?

አልቻልሁም። የኔታ ባርከው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ። ማን ቢያወጣው ጥሩ ነው? የሽ።

«አያ ጎሹ፣ ይህ ሰው እንዲህ የሚያቃስተው ያንተ አህያ ጠፍታበት ነው» አለች።

«የትኛዋ አህያ?»

«የስማዳዋ።»

ሰው ሁሉ ዋንጫው ውስጥ ማየት ጀመረ። አያ ጎሹ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር።

«አበልጄ፣ መስከረም ላይ አንብበሃታል አሉ» አለኝ።

«አንብቤያታለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

«ከለቅሶው ስመለስ ገና ቤቴ ሳልደርስ ሦስት ሰው ነገረኝ። ሦስቱም ተሳስተው ነው የነገሩኝ! እኔ መቸ ነው መጥቶ የሚጠይቀኝ ብዬ እስከ ዛሬ ስጠብቅህ ነው የከረምሁ። ስለ እኔ ስትጽፍ እኔን አትጠይቅም?»

ይህን የምታህል አለንጋ ተገርፌ አላውቅም። ደብተሬን አወጣሁ። አያ ጎሹም ጀመረ። እኔ ሳላውቅ አልሄድሁም፤ መገንጠያው ላይ ስትታጠፍ የእኔ አለመሆኗን አውቄያለሁ አለ። የእኔዋ ግራ ጆሮዋ ጫፉ የለም፤ ያች ሁለቱም ጆሮዋ ሙሉ ነው። ግን ወደ ገበያ ብመልሳት ገበያው ተበትኗል። የባለቤቷን ቤት ከእሷ በቀር ማን ያውቀዋል? ብዬ ተከተልኋት አለ።

«አሁን ተቀምጠህ ያሰብኸው ነው!» አለ አያ ተገኘ። አያ ተገኘ ምላሱ ማጭድ ነው። «ጆሮዋን የሚያይ ዐይን ካለህ ገበያ ላይ ስትጭናት የት ነበርህ?»

«እኔ ልነሣ ብዬ ሒሳብ ስዘጋ፣ ማን ነው ጭኖ የጠበቀኝ? አንተ አይደለህም?»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ይህን ያህል ጊዜ በአያ ጎሹ ሲስቅ የኖረው ሰውዬ፣ ለካ የተሳሳተችዋን አህያ የጫናት ራሱ ነው! «እኔ በጀርባዋ እንጅ በጆሮዋ አላውቃትም» ቢል ማን ይስማው።

«ሴትዮዋንም አንች ማን ነሽ አላልኋትም» አለ አያ ጎሹ ሳቁ በረድ ሲል። «እሷ ናት ማን ነህ ያለችኝ። የአህያሽ እንግዳ ነኝ አልኋት። እግሬን ልታጥበኝ ውኃ ይዛ መጣች። ራት ከበላሁ በኋላ ነው ባሏስ የት ደረሰ ብለን የተጨነቅን።»

የአህያሽ እንግዳ ነኝ! እኔ መቶ ቀን ብጾም ይህን አገኘው ነበር?

ከዚያማ ሁሉም አራሚ ሆነ። አንዱ መገንጠያው ላይ ግራር አለ ይላል፣ ሌላው ወይራ ነው ይለዋል። የሽ ሴትዮዋ ያቀረበችው ወጥ ምን እንደነበረ ካልተጻፈ አይሆንም አለች። አያ ተገኘ ስሙ እንዲቀር ለመነ፤ ማኅበሩ በአንድ ድምፅ ከለከለ። የኔታ እንኳ «ስትታጠፍ ስንተኛው መዝሙር ላይ ነበርህ?» ብለው ጠየቁ። አያ ጎሹ ሲመልስ የአህያ ታሪክ መሆኑን ረስተው አብረውት ዘለቁት። ማታ ቤቴ የገባሁት ደብተሬ ሞልቶ ነው።

በንጹሕ ወረቀት ገለበጥሁት። አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቀት። እነዚያ የንፋስ መውጫ ልጆች ረቂቅ መስሏቸው እርማት ቢጀምሩስ? አያ ጎሹ ያለውን ቢነቅሉትስ? ይህ እኮ ማኅበር ሙሉ ሰው ያረመው፣ አልቆ የተበራየ ነው። እውነቱን ማሳወቅ አለብኝ ብዬ ከወረቀቱ አናት ላይ በትልቁ ጻፍሁ፤ «ይህ ረቂቅ አይደለም»።

በገብርኤል ዋዜማ ስደርስ ትዕግሥት አልነበረችም። ለዘበኛው ሰጥቼ ተመለስሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ። ዘበኛው ረስቶት ይሆን? ጠቅልሎበት ይሆን? ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት መኪና የለም ይባላል። ስልክ በጮኸ ቁጥር እሮጣለሁ። አያ ጎሹ ደግሞ በየሰንበቱ ከቅዳሴ መልስ «አህያዬ ደረሰች?» ይለኛል። ማሳተም ለካ ልጅ ወደ ሩቅ አገር እንደ መስደድ ነው። ሱባዔው ሁሉ ስለ እሷ ሆነ። ለነፍሴ አንድ ቀን እንዲህ ጸልዬ ባውቅ ምን ነበር?

ከፋሲካ በኋላ ትዕግሥት ደወለች። መጽሐፉ ወጥቷል። ከተመረጡት አንዱ እኔ ነኝ። የሰጡኝን ይዤ የግንቦት ሚካኤል ማኅበር ላይ አወጣሁት። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አያ ተገኘ ማንበብ ባይችልም ስሙ ያለበትን አሳዩኝ ብሎ ጣቱን እዚያው ላይ አኖረ። አያ ጎሹ፣ የግራ ጆሮዋ ነገር መጻፉን አረጋግጦ፣ ጽዋውን በእጁ አጠጣኝ።

መጨረሻ ለየኔታ ደረሰ። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ገለጡ። አንድ መስመር አነበቡና ቆሙ። እኔ አንድ ነገር ተበላሽቷል ብዬ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ከላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ርእስ ተደርጎ «ይህ ረቂቅ አይደለም» ይላል። ሥሩ የእኔ ስም።

የኔታ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሞላ» አሉኝ። «ስለ አህያ ጽፎ፣ አናቱ ላይ ይህ ረቂቅ አይደለም ማለት! አሁንስ ረቀቅህብኝ። ማን መከረህ?»

አህያዋን ያመጣት አያ ጎሹ ነው። ያረመው ማኅበሩ ነው። ቃል በቃል ብትቆጥሩት ማንም ሳይነግረኝ ብቻዬን የጻፍሁት ያችን አንዲት መስመር ነው፤ እሷም ርእስ አልነበረችም።

«የጾምሁበት ነው፣ የኔታ» አልኋቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።